ስለ አምስተኛው ቅርጫትና ስለ ወይዘሮ ረሂማ ጥፋት

ጥቅምት 20 ቀን 2011 ዓ.ም.
ደብረ ታቦር

ለተከበሩ አቶ ይሻው አስማረ
የደጋ በር ኮሌጅ ዲን
ባሉበት

«ወ/ሮ ረሂማ ኢብራሂም ጥቅምት 3 ቀን 2011 ዓ.ም. ከጠዋቱ 2፡30 ሰዓት ላይ ለስፖርታዊ እንቅስቃሴ በተከለለ የውርወራ መስመር ውስጥ ያለ ፈቃድ በመገኘታቸው፣ ለደረሰባቸው አደጋ ምክንያቱ ራሳቸው መሆናቸውን ኮሚቴው አረጋግጧል። ስለሆነም ይህ የመጨረሻ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ የተሰጣቸው ሲሆን፣ ድርጊቱ ቢደገም ከሥራ የሚሰናበቱ መሆኑን እናሳውቃለን። በሌላ በኩል ወርዋሪው አቶ ሙላቴ ደርሰህ የጨዋታውን ደንብ አክብረው የተጫወቱ በመሆናቸው ኮሌጁ ለስፖርት ፍቅራቸው ምስጋናውን ያቀርባል።»

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እጅዎ ሲገባ እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም ከላይ ያለውን ውሳኔ የፈረሙት አምስቱ የኮሚቴ አባላት በፍጹም ጤንነት፣ በተለይም በሁለቱም ዓይኖቻችሁ ጤንነት እንድትገኙ ከልብ እመኛለሁ። ከጉና ተራራ የሚወርደው ብርድ በጠነከረበት በዚህ ወቅት ቢሮዎ ሞቃት፣ መስኮቱም እንደ ልማዱ የተዘጋ እንደሚሆን አልጠራጠርም።

የጠቀስኩት ቃል ጥቅምት 13 ቀን በኮሌጁ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ከተለጠፈው ውሳኔ የተገለበጠ ነው። አንድ ፊደል አልጨመርኩበትም። ምስጋና የቀረበለት ወርዋሪ እኔ ነኝ። በመንገድ ቅየሳ ሥራ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ስኖር ከኃላፊዎቼም ከገበሬውም ብዙ ወቀሳ ደርሶኛል፤ ከፊሉ ይገባኝ ነበር። ሰው አቁስዬ የምስጋና ደብዳቤ ስቀበል ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ ኮሌጅዎ ለዚህ ስላበቃኝ የተሰማኝን ለመግለጽ ጨዋ ቃል ስፈልግ አንድ ሳምንት ዘግይቻለሁ።

ይህ ማንም የሚያነበው ግልጽ ደብዳቤ ስለሆነ ጨዋታውን ለማያውቁ አንባቢዎች ጥቂት ማብራራት ይገባኛል። ከሁለት ዓመት በፊት ለአንድ ዓመት ሊያስተምሩ የመጡ አንድ እንግዳ መምህር ሲመለሱ አንድ ሻንጣ ሙሉ የፕላስቲክ ዲስክና አንዲት ቀጭን የደንብ መጽሐፍ ለኮሌጁ ትተው ሄዱ። የከተማው ሰው ዲስኩን ሳህን ይለዋል፤ የድስት ክዳን የሚያህል ክብ ነገር ነው። ተጫዋቹ በሲሚንቶ ከተሠራች መቆሚያ ላይ ሆኖ ይወረውረዋል፣ ከወደቀበት አንሥቶ እንደገና ይወረውረዋል፣ እንዲህ እያለ የብረት ቅርጫት ውስጥ ያስገባዋል። ዘጠኝ ቅርጫት አለ። በጥቂት ውርወራ የጨረሰ ያሸንፋል። ሐኪም በቀን አንድ ሰዓት ተራመድ ስላለኝና ኮሌጁም ሜዳውን በአዘቦት ቀን ለተማሪዎቹ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ለከተማው ሕዝብ ክፍት በማድረጉ፣ እኔና ጨርቅ ነጋዴው ወዳጄ አቶ ኢድሪስ ካለፈው መጋቢት ጀምሮ፣ እሳቸው ከቀሩባት ከአንዲት ቅዳሜ በቀር፣ አንድም አላጓደልንም። ይህን የምለው ሜዳውን ከነደፉት ሰዎች መካከል አንድ ጊዜ እንኳ የተጫወተበት ስለሌለ፣ ስለ ሜዳው ከእነሱ የተሻለ ዕውቀት እንዳለኝ ለማስረዳት ነው።

ዘጠኝ ቅርጫት እንዳለ ሁሉ በኮሌጁ ዘጠኝ የትምህርት ክፍሎች አሉ። ይህ የአጋጣሚ ነገር መስሎኝ ነበር። የአካውንቲንግ ክፍል ኃላፊው በቀና ልብ ባሳዩኝ ቃለ ጉባኤ ላይ ግን «የቅርጫት ሥርጭቱ የትምህርት ክፍሎችን ፍትሐዊ ተጠቃሚነት ያረጋገጠ ይሆን ዘንድ ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ ቅርጫት በደጃፉ ይተከል» የሚል አነበብኩ። ከላይ ያለውን ውሳኔ የፈረመው ይኸው ኮሚቴ ለዚህ ጉዳይ ሦስት ጊዜ ተሰብስቧል። በሦስቱም ስብሰባዎች ዲስኩ በየት በኩል እንደሚሄድ የጠየቀ ሰው በቃለ ጉባኤው አልተመዘገበም። የትኛው ክፍል ቅርጫቱን በግራ፣ የትኛው በቀኝ በኩል እንደሚያገኝ ግን አንድ ገጽ ተኩል ተጽፏል። አንድም ክፍል ቅር ሳይሰኝ፣ ዘጠኙም ኃላፊዎች ከየቅርጫታቸው ጎን ቆመው ፎቶግራፍ ተነሥተው፣ ሥራው በስኬት ተጠናቋል። ለእኩልነት የተደረገውን ይህን ተጋድሎ ሳላደንቅ ማለፍ ነውር ስለሚሆንብኝ በዚሁ አጋጣሚ አድናቆቴን እገልጻለሁ።

አሁን፣ በክቡርነትዎ መልካም ፈቃድ፣ ከፍትሐዊው ሥርጭት የተገኙትን ፍሬዎች በቁጥር ላስቀምጥ።

1. የቅርጫቶቹን ሥዕል በደንቡ መጽሐፍ ላይ አይቻለሁ። ዲስኩ መጥቶ ሲመታቸው ግፊቱን የሚያበርዱ ሰንሰለቶች ከላይ ይንጠለጠላሉ። ኮሌጅዎ ሰንሰለቱ ይሰረቃል በሚል ጥንቃቄ በምትኩ ባለ አሥር ሚሊ ሜትር ፌሮ ብረት አስበየደ። ፌሮው አልተሰረቀም፤ ለዚህ ምስጋና ይገባችኋል። ወደ ቅርጫቱ የሄደ ዲስክ ሁሉ ግን ፌሮውን ገጭቶ ከመጣበት በበለጠ ርቀት ይመለሳል። አቶ ኢድሪስ በስምንት ወር ውስጥ ቅርጫት ውስጥ ያስገቡት በእጃቸው ያስቀመጡትን ብቻ ነው።

2. ሁለተኛው ቅርጫት የተተከለው ከጎርፍ መውረጃው ቦይ አፍ ላይ ነው፤ ከቦዩ ጠርዝ እስከ ቅርጫቱ እግር ሰማንያ ሴንቲ ሜትር ለክቻለሁ። የጥበቃ ሠራተኛው አቶ ወርቁ በዕድሜ ከእኔ የሚበልጡ ሰው ሲሆኑ በየቅዳሜው ወደ ቦዩ እየወረዱ ዲስክ ያወጡልናል። እኔ ልውረድ ስላቸው «ተዉት ኢንጂነር፣ እናንተ ከላይ ጣሉ፣ እኔ ከታች ላንሣ፤ ይኼም ሥራ ተብሎ ተሰጥቶናል» ይሉኛል። ይህን የሚሉት እየሳቁ ነው። እኔ አልስቅም።

3. ሰባተኛው ቅርጫት የእርሻ ክፍሉ ድርሻ በመሆኑ በገብስ ሙከራ ማሳው መካከል ተተክሏል። ከማሳው ዳር «ወደ ሙከራ ማሳው መግባት በጥብቅ የተከለከለ ነው» የሚል ሰሌዳ ቆሟል። ሰሌዳውም ቅርጫቱም የኮሌጁ ናቸው፤ ሁለቱንም የፈረሙት እርስዎ ነዎት። ተጫዋቹ የትኛውን ፊርማዎን ማክበር እንዳለበት በሰኔ ወር በቃል ጠይቄ መልስ አላገኘሁም፤ ገብሱ እስኪታጨድ ሰባተኛውን እየዘለልን እንጫወታለን።

4. የሦስተኛውና የስምንተኛው መስመሮች እንደ መስቀል ይቆራረጣሉ። ከዚህ በላይ አስተያየት የለኝም።

5. በየመቆሚያው ላይ የተጻፈው ርቀት በሙሉ ስህተት ነው። ሦስተኛው 58 ሜትር ይላል፤ በሜትር ስለካው 91 ሆነ። ሙያዬ ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩምና ከየት እንደተለካ አጣራሁ። ርቀቱ የተለካው ከመሬት ላይ እንዳልሆነ፣ በቢሮዎ ግድግዳ ላይ በመስታወት ከተሰቀለው የግቢው ፕላን ላይ በማስመሪያ እንደሆነ ተነገረኝ። ፕላኑን ቀርቤ ለማየት ባለፈው ግንቦት ስለፈቀዱልኝ አመሰግናለሁ። ያ ፕላን ኮሌጁ ሲቆረቆር የተሠራ የመጀመሪያ ረቂቅ ነው። በላዩ ላይ የሬጅስትራር ሕንፃ የለም። የቤተ መጻሕፍቱ በር በምሥራቅ በኩል ነው። ሬጅስትራር ከተሠራ ስድስት ዓመቱ መሆኑን፣ የቤተ መጻሕፍቱም ብቸኛ በር በምዕራብ በኩል መሆኑን ለማወቅ አንድ ሰው ከወንበሩ ተነሥቶ ከእርስዎ ኋላ ያለውን መጋረጃ መግለጥ ብቻ ይበቃው ነበር። አምስት የተማሩ ሰዎች ግን ለግቢው ጀርባቸውን ሰጥተው፣ የሌለ ግቢ ላይ ሜዳ ነደፉ።

ወደ ስድስተኛው ቁጥር አልሄድም። አምስተኛው ቅርጫት ላይ ልቁም፤ ደብዳቤውም የተጻፈው ስለ እሱ ነው።

በፕላኑ ላይ የአምስተኛው መስመር ቀጥ ያለ፣ ክፍት ሣር ነው። በመሬት ላይ ግን መቆሚያው ከሬጅስትራር ሕንፃ ጀርባ፣ ቅርጫቱ ደግሞ ከሕንፃው ማዶ ከአካውንቲንግ ክፍል ደጃፍ ነው። ወርዋሪው ቅርጫቱን አያየውም። ዲስኩን በማዕዘኑ ዙሪያ አጥፎ መላክ አለበት፤ ዲስኩም ከማዕዘኑ ወዲያ ሲታጠፍ የሚያልፈው ከቤተ መጻሕፍቱ በር ፊት ለፊት፣ በሰው ፊት ቁመት ነው። ይህን ከሚያዝያ ጀምሮ ስለማውቅ እኔና አቶ ኢድሪስ የራሳችንን ሥርዓት አበጅተን ነበር። አንዳችን ጠቋሚ ሆኖ ማዕዘኑ ላይ ቆሞ መንገዱን ያያል፤ ሌላችን «ሳህን» ብሎ ጮኾ ይወረውራል። በሰኔም ስለዚሁ አንድ ገጽ ማሳሰቢያ ከነንድፉ ለጽሕፈት ቤትዎ አስገብቻለሁ። መዝገብ ቤቱ ማህተም መትቶልኛል። ከማህተሙ ሌላ ምላሽ አላየሁም።

ጥቅምት 3 ቀን አቶ ኢድሪስ ዕቃ ሊቀበሉ ባሕር ዳር ሄደው ነበር። ብቻዬን ተጫወትኩ። አምስተኛው ላይ ስደርስ ማዕዘኑ ድረስ ሄጄ አየሁ፤ ማንም አልነበረም። ተመልሼ መቆሚያው ላይ ቆምኩ፣ ጮኽኩ፣ ወረወርኩ። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ከሬጅስትራር ጎን ያለው ጄኔሬተር ይጮኻል። ወይዘሮ ረሂማ ቁልፋቸውን ይዘው የቤተ መጻሕፍቱን በር ሊከፍቱ ሲመጡ ጩኸቴን አልሰሙም። ዲስኩ የግራ ዓይናቸውን ከላይ መታቸው።

ክቡር ሆይ፣ ጠቋሚ ሳላቆም መወርወሬ የእኔ ጥፋት ነው። ከማዕዘኑ ወደ መቆሚያው እስክመለስ ሰው ሊመጣ እንደሚችል አውቅ ነበር፤ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሰው ሳላቆም መንገድ ላይ መሣሪያ ተክዬ አላውቅም። ይህን ለኮሚቴው በቃል ነገርኩ። የኮሚቴው ሰብሳቢ በፈገግታ «ግድ የለም ኢንጂነር፣ እርስዎ እንግዳችን ነዎት» አሉኝና ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፉ። ስለ ሜዳው ልናገር ስጀምር ሜዳው በባለሙያዎች የተነደፈ በመሆኑ አከራካሪ አይደለም ተባልኩ። ባለሙያዎቹ እነማን እንደሆኑ ስጠይቅ አምስቱም ሰዎች እርስ በርሳቸው ተያዩ። ከዚያም በአሥር ቀን ውስጥ ቅርጫቱም ንጹሕ፣ ፕላኑም ንጹሕ፣ ኮሚቴውም ንጹሕ፣ እኔም ንጹሕ ሆነን፣ ጥፋቱ በአካባቢው ከነበሩት ሁሉ አንድም ነገር ያልነደፈችውን፣ ያልወረወረችውንና ያልፈረመችውን ሴት አገኛት።

ለአንባቢ ግልጽ እንዲሆን ይህ ማስጠንቀቂያ ምን ማለት እንደሆነ በቀላል ሒሳብ ላሳይ። ወይዘሮ ረሂማ በቤተ መጻሕፍቱ አሥራ አንድ ዓመት የሠሩ፣ በመደርደሪያው ላይ የማያውቁት መጽሐፍ የሌለ፣ ባለቤታቸው ከሞቱ በኋላ ሁለት ልጆች የሚያሳድጉ ሴት ናቸው። የቤተ መጻሕፍቱ በር አንድ ነው። በሩ ያለው የውርወራ መስመር ውስጥ ነው። ሕንፃውን ዞሮ በጎን ወደ በሩ የሚያደርሰው የምሥራቁ መተላለፊያም ለአዲሱ ሕንፃ መሠረት ተቆፍሮ ከነሐሴ ጀምሮ ተዘግቷል። ውሳኔው «ድርጊቱ ቢደገም ከሥራ ይሰናበታሉ» ይላል። ድርጊቱ ወደ ሥራ መግባት ነው። እንግዲህ ወይዘሮ ረሂማ ሥራ ከገቡ በጥፋት ይባረራሉ፤ ሥራ ካልገቡ ደግሞ በመቅረት ይባረራሉ። አንዲት ሠራተኛ በመገኘቷም ባለመገኘቷም እኩል የምትሰናበትበትን ደንብ ማውጣት ከፍ ያለ ችሎታ ይጠይቃል፤ ይህን ችሎታ ግን ሜዳውን ሲነድፉ ምነው አልተጠቀሙበትም ብዬ ሳስብ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ሴትዮዋ ምን እንዳደረጉ ያውቃሉ? ማስጠንቀቂያው ከደረሳቸው ዕለት ጀምሮ አቶ ወርቁ የግቢውን በር ሲከፍቱ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይገባሉ። ያን ጊዜ ሜዳው በደንቡ መሠረት አልተከፈተም፤ ስለዚህ መስመሩን ቢያቋርጡ ወንጀለኛ አይሆኑም ብለው አስልተዋል። ከዚያም ተማሪ እስኪመጣ ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ የቤተ መጻሕፍቱን በር ከውስጥ ዘግተው በዚያ ብርድ ይቀመጣሉ። ማታም ሜዳው እስኪዘጋ አይወጡም። ዓይናቸውን ያዩት የጎንደር ሐኪም ይድናል ብለዋቸዋል፤ መቼ እንደሚድን ግን አልነገሯቸውም። በመጽሐፎቹ ጀርባ የተለጠፈውን ቁጥር ለማንበብ አሁን ራሳቸውን ወደ ቀኝ ያዘነብላሉ።

ከአቶ ኢድሪስ ጋር ሆነን ቤታቸው ሄጄ ይቅርታ ጠይቄያለሁ። የተቀበሉኝም በጨዋነት ነው። ስለ ማስጠንቀቂያው ደብዳቤ እጽፋለሁ ስላቸው ይህን አሉኝ፦ «ጋሼ ሙላቴ፣ እርስዎ አንድ ጊዜ መቱኝ፣ መጡ፣ ይቅርታ አሉኝ፣ አለቀ። ወረቀቱ ነው በየጠዋቱ የሚመታኝ። ልጆቹ እናታችን ምን አጥፍታ ነው ሲሉኝ ምን ልበላቸው? መጻሕፍት ልከፍት ሄጄ ልበላቸው?»

ስለዚህ ከኮሌጅዎ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የወይዘሮ ረሂማ ማስጠንቀቂያ ከግል ማኅደራቸው ወጥቶ ይሰረዝ፤ መሰረዙም ማስጠንቀቂያው በተለጠፈበት ሰሌዳ ላይ በዚያው መጠን ባለው ፊደል ይለጠፍ። ለእኔ የተሰጠው ምስጋና ይነሣና በምትኩ ጠቋሚ ሳያቆም መወርወሩ ጥፋቱ ነው ተብሎ ይጻፍ፤ በቃለ ጉባኤው ላይ ፈርሜ አጸድቀዋለሁ። አምስተኛው ቅርጫት ይነቀል። የአካውንቲንግ ክፍል ድርሻዬ ተነካ ብሎ ቅር ከተሰኘ፣ የነቀልነውን ቅርጫት በክፍሉ ኃላፊ ቢሮ ውስጥ፣ ከጠረጴዛቸው ጎን እንዲቆም እኔ በትህትና አጓጉዛለሁ። ሜዳውን እንደገና ለመቀየስ መሣሪያዬና ጊዜዬ አሉ፤ አቶ ወርቁ ቦይ ሳይወርዱ፣ ገብሱ ሳይረገጥ፣ ማንም ሰው ለደመወዙ ሲሄድ ግንባሩ ሳይመታ የሚሠራ ዘጠኝ ቅርጫት በሁለት ቅዳሜ እቀይሳለሁ። ለዚህ ፕላን አያስፈልገኝም። ግቢው ራሱ እዚያው አለ።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ለክቡርነትዎ ካለኝ ጥልቅ አክብሮት የተነሣ መሆኑን ለማስረዳት አልሞክርም፤ ጊዜዎን ላለማባከን ነው። የሦስቱን ጥያቄዎቼን መልስ በቃል፣ በፈገግታ ወይም በመዝገብ ቤት ማህተም ሳይሆን በጽሑፍ፣ በእርስዎ ፊርማ፣ እስከ ረቡዕ ኅዳር 5 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ እጠብቃለሁ። ደብዳቤው ዛሬ ከውሳኔው ጎን በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፏል። ካነሡት እንደገና እለጥፈዋለሁ፤ ስድስት ቅጂ አለኝ።

የኮሌጅዎን ምስጋና ለመቀበል የማይበቃ፣ ነገር ግን ስለተሰጠው ሳያፍር ለማደር ያልቻለ፣
ሙላቴ ደርሰህ
የመንገድ ቅየሳ መሐንዲስ

ግልባጭ፦
ለኮሌጁ ቦርድ
ለወ/ሮ ረሂማ ኢብራሂም
ለቤተ መጻሕፍቱ በር

ማስታወሻ፦ ትናንት በግቢው ሳልፍ ቅዳሜ ኅዳር 8 ቀን ለሚከበረው የኮሌጁ የምሥረታ በዓል የክብር እንግዶች ድንኳን ችካል ሲተከል አየሁ። የቆየ ልማድ አስገድዶኝ ሜትሬን አውጥቼ ለካሁ። ድንኳኑ የሚቆመው አምስተኛው መስመር ላይ ነው፤ የእርስዎ ወንበር ምልክት የተደረገበት ቦታ ወይዘሮ ረሂማ ከቆሙበት አንድ ሜትር ከሃያ ብቻ ይርቃል። በዕለቱ ሜዳው በደንቡ መሠረት ለሕዝብ ክፍት ስለሚሆን፣ እርስዎና እንግዶችዎ በውርወራ መስመር ውስጥ ለመገኘት ፈቃድ ከማን እንደጠየቃችሁ፣ ካልጠየቃችሁም የመጨረሻው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ በማን ፊርማ እንደሚደርሳችሁ፣ በዚያው በኅዳር 5ቱ መልስ ውስጥ በአራተኛ ቁጥር አካተው እንዲጽፉልኝ እጠይቃለሁ።